ደጋግሞ ለሚሸነፍ ዕጩ ጥብቅና

ምርጫ በመጣ ቁጥር ስማቸው ከዕጩዎች ዝርዝር የማይጠፋ፣ ውጤት በተነገረ ማግስት ግን የሚያስታውሳቸው የሌለ ሰዎች በየምርጫ ክልሉ አሉ። ከተማው ያውቃቸዋል፤ «ዘንድሮም አለህ?» ይላቸዋል፣ ይስቅባቸዋል። አንዱ «ሥራ ቢፈታ ነው» ይላል፣ ሌላው «አበል ፍለጋ ነው» ይላል፣ ነገር የሚጠረጥረው ደግሞ ገዥው ፓርቲ ለማድመቂያ ያስቀመጠው ሰው ነው ብሎ ይደመድማል። ሕዝብ ሦስቴ አልፈልግህም ካለው በኋላ ለአራተኛ ጊዜ ካርድ የሚለምን ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ለእኔ ግን ጥያቄው ሊቀርብ የሚገባው ለሰውየው ሳይሆን ለመንገዱ ነው። እንደ ቦንጋና በአጠቃላይ እንደ ካፋ ዞን ባሉ ከመሐል አገር በራቁ አካባቢዎች ገንዘብም፣ ድርጅትም፣ የወጣ ስምም የሌለው ሰው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚበቃበት መንገድ ቢኖር ደጋግሞ መወዳደር ነው። ደጋግሞ የሚወዳደር ደግሞ ደጋግሞ ይሸነፋል። በዚህ ሰው ላይ ከማላገጣችን በፊት ሌላ በር ትተንለት እንደሆነ ማየት ይኖርብናል።

ለዚህ ክርክር ከቦንጋ የተሻለ መነሻ የለም። ግንቦት 15 ቀን 2002 በተካሄደው 4ኛው አገር አቀፍ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱን ጠቅልለው ወሰዱ። ከተረፉት ሁለት አንዱን በአዲስ አበባ የተቃዋሚዎች ጥምረት የነበረው የመድረክ ዕጩ አቶ ግርማ ሰይፉ አገኙ። ሁለተኛውን ያገኙት በቦንጋ በግላቸው የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ናቸው። በመላ አገሪቱ በግሉ ቀርቦ ያሸነፈ ሌላ ሰው አልነበረም። የካፋ መራጭ ፓርቲ ለሌለው ሰው ድምፁን አይሰጥም የሚል ካለ እንግዲህ መልሱ እዚያው ነው። ነገር ግን ያሸነፈው ማን እንደነበር ልብ እንበል። ዶክተር አሸብር ከምርጫው በፊት የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ በስፖርት ፕሮግራም ስማቸው ያልተነሣበት ሳምንት ጥቂት ነው። ኋላም የኦሊምፒክ ኮሚቴውን መርተዋል። በ1997ቱ ምርጫ ከደምቢ ዶሎ በግላቸው ያሸነፉት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩ ናቸው። በ2013ቱ ምርጫ ፓርላማ ከገቡት አራት የግል ተወዳዳሪዎች አንዱ የሆኑት ዲያቆን ዳንኤል ክብረትም በጽሑፋቸውና በስብከታቸው ከምርጫው ብዙ ዓመት ቀድሞ የታወቁ ሰው ናቸው። እነዚህ ሰዎች ስማቸውን በምርጫ አላወጡትም፤ ያወጡትን ስም ይዘው ነው ወደ ምርጫው የመጡት።

አሁን ደግሞ ከካፋዎቹ ጊምቦ ወይም ዴቻ ወረዳ የተነሣ አንድ መምህር ወይም አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ልወዳደር ብትል እንበል። የአገሪቱ የምርጫ ክልሎች የተሸነሸኑት በአንድ የምርጫ ክልል 100 ሺሕ ገደማ ነዋሪ ታስቦ ነው። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የካፋ ዞን ሕዝብ 874,716 ነበር፤ የቦንጋ ከተማ ነዋሪ ግን 21 ሺሕ እንኳ አልሞላም። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተደረገ ዛሬ ቁጥሩ በብዙ እንደሚበልጥ መገመት አያዳግትም፤ መራጩ በአብዛኛው ገጠር የሚኖር መሆኑ ግን አልተለወጠም። መራጩ ያለው ከደኑ ባሻገር፣ ከወንዙ ማዶ፣ በእግርና በበቅሎ በሚደረስበት ቀበሌ ነው። ምርጫችን ደግሞ ግንቦት ወይም ሰኔ ላይ ይውላል። ካፋ ከዓመት እስከ ዓመት ዝናብ የማያጣው አገር ነው፤ በዚያ ወቅት የገጠሩ መንገድ መኪና አያሳልፍም። ገዥው ፓርቲ መኪናው ቢቆምበት እስከ ቀበሌ የወረደ መዋቅር አለው፤ መልእክቱ ጭቃውን ሳይነካ ይደርሳል። የግል ዕጩዋ ያላት እግሯና ዘመዶቿ ናቸው። በገበያ ቀን ቆማ ለአንድ ጊዜ ሰው ብትሰበስብ እንኳ፣ የመወዳደሪያ ምልክቷን የለጠፈችበት ወረቀት ከአንድ ዝናብ አያልፍም።

በመጀመሪያው ሙከራ እንዲህ ያለው ሰው ሊያገኝ የሚችለው ብዙ ነገር አይደለም። ስሙን ያስተዋውቃል፣ በየጣቢያው ወኪል ሆኖ የሚቀመጥለት ሰው መፈለግ ምን እንደሆነ ይማራል፣ የትኛው ቀበሌ እንደሚያዳምጠውና የትኛው እንደማያዳምጠው ያውቃል። እንበልና መጀመሪያ 2 ሺሕ ድምፅ አገኘ፤ በሁለተኛው 5 ሺሕ፣ በሦስተኛው 9 ሺሕ። ሦስቴም ተሸንፏል፤ በአደባባይ የሚቀረው ስሙም «ያ ሁሌ የሚሸነፈው» ነው። ቁጥሩን ላየ ግን በአሥር ዓመት ውስጥ ድጋፉ ከአራት እጥፍ በላይ አድጓል። ይህን ዕድገት በማንም ላይ እንዳላየን የምናልፈው ጠላነው ብዬ አላስብም፤ የቁጥሩን ዱካ ይዞ የሚያቆይ ስለሌለ ነው። በኢትዮጵያ ሕግ ቆጠራው ሲያበቃ የየጣቢያው ውጤት በጣቢያው ደጃፍ ይለጠፋል። ይህ ጥሩ ድንጋጌ ነው። ነገር ግን ወረቀቱ የሚለጠፈው በደብተር ገጽ የሚያህል ስፋት፣ በማጣበቂያ፣ ሰኔ ላይ፣ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወይም በትምህርት ቤት በር ነው። በሳምንቱ ማንበብ ቀርቶ መኖሩን ማወቅ ያስቸግራል። ከዚያ በኋላ ሰው የሚሰማው የአሸናፊውን ስም ብቻ ነው።

ይህን ከሌላ ቁጥር ጋር እናስተያየው። መስከረም 20 ቀን 2014 ካፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮና ምዕራብ ኦሞ ዞኖች እንዲሁም የኮንታ ልዩ ወረዳ አንድ ክልል ይሁኑ አይሁኑ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰው ይሁን አለ። አይሁን ያለው 24 ሺሕ ገደማ ነበር። ውጤቱ አከራካሪ አልነበረም፤ ክልሉም ኅዳር 2014 ተመሥርቶ አስፈጻሚው ቦንጋ፣ ምክር ቤቱ ታርጫ ሆነ። እዚህ ላይ የምፈልገው ያንን 24 ሺሕ ነው። ተሸናፊ ነበር፤ ከሁለት በመቶ አይበልጥም፤ ግን ተቆጥሮ ተነገረ፣ ዛሬም የፈለገ ሰው ያገኘዋል። ነገ የክልሉ አደረጃጀት ቅር ያሰኘው ሰው ቢመጣ ተቃውሞው ከየት እንደሚነሣ መነሻ አለው። በምክር ቤት ምርጫ ለተሸነፈ ዕጩ የተሰጠ ድምፅ ይህ ክብር የሚነፈገው ለምንድን ነው?

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 54 ያስቀመጠው በምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል የሚለው ሥርዓት ለተሸነፈ ድምፅ ምንም ቦታ የለውም። አንዱ 20 ሺሕ፣ ሌላው 19 ሺሕ ቢያገኝ የ19 ሺሑ ሰው ድምፅ ፓርላማ ውስጥ አንድ ወንበር አይሞላም። በ1997 ፓርላማ የገቡት የተቃዋሚ መሪዎች ዶክተር መረራ ጉዲናና ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ በ2002 ሁለቱም ውጭ ሲቀሩ የደጋፊያቸው ድምፅ የት እንደገባ ማንም አልተናገረም። በ2007 ደግሞ የቦንጋው መቀመጫም ሳይቀር ምክር ቤቱ እንዳለ በገዥው ግንባርና በአጋሮቹ እጅ ገባ። ከዚህ ተነሥተው መፍትሔው ተመጣጣኝ ውክልና ነው የሚሉ አሉ፤ ጥሩ ማስረጃም አላቸው። እንግሊዛዊው ፖለቲከኛ ናይጀል ፋራዥ ከ1994 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ለአገሩ ምክር ቤት ሰባት ጊዜ ተወዳድሮ ሰባት ጊዜ ተሸንፏል። በነዚያው ዓመታት ውስጥ ግን ለአውሮፓ ፓርላማ፣ መቀመጫ በድምፅ ልክ በሚደለደልበት ምርጫ፣ ከ1999 ጀምሮ ሁልጊዜ ያሸንፍ ነበር። ሰውየው ያው፣ አገሩም ያው፤ የተለየው የአቆጣጠሩ ሥርዓት ነው። በ2015 ፓርቲው ከ3.8 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝቶ ከ650 መቀመጫ አንድ ብቻ ነበር የደረሰው። ሰውየውን መውደድ አይጠበቅብንም፤ እኔ ራሴ የፖለቲካው አድናቂ አይደለሁም። ግን ያ ሁሉ ሽንፈት በ2016 አገሪቱን ከአውሮፓ ኅብረት ያስወጣውን ሕዝበ ውሳኔ ከማምጣት አላገደውም። ፓርላማ የገባው በስምንተኛው ሙከራ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ነው።

የእኛም አገር ወደዚያ አቅጣጫ አንድ ጊዜ ፊቷን አዙራ ነበር። መስከረም 30 ቀን 2009 ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ሁለቱን ምክር ቤቶች ሲከፍቱ ተመጣጣኝ ውክልና የታከለበት የምርጫ ሕግ እንደሚወጣ ተናገሩ፤ ከዚያ በኋላ በተካሄደው የፓርቲዎች ድርድርም ቅይጥ ሥርዓት ላይ ስምምነት ተደርሶ ነበር። አብላጫ ድምፅ የሚለው በሕገ መንግሥቱ የሰፈረ ስለሆነ ማሻሻያ ይጠይቅ ነበር፤ የ2010 የፖለቲካ ማዕበል መጥቶ ነገሩ እዚያው ቀረ። ይሁንና እኔ ደጋግሞ ለሚሸነፈው የቦንጋ ዕጩ ቅይጥ ሥርዓት ዋና መፍትሔ ይሆናል ብዬ አልከራከርም። ተመጣጣኝ ውክልና የሚጠቅመው ዝርዝር ማቅረብ ለሚችል ፓርቲ ነው። የግል ዕጩ ዝርዝር የለውም፤ እንዲያውም ወንበሩ በአዲስ አበባ ባለ የፓርቲ ጽሕፈት ቤት ስለሚደለደል ከዴቻ የመጣው ሰው ይበልጥ ሊርቀው ይችላል። አብላጫ ድምፅ ቢያንስ አንድ ነገር ያስገኝለታል፤ ጎረቤቶቹ ዕጩውን በስሙ ያውቁታል።

ለእርሱ የጎደለው የታችኛው እርከን ነው። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ነው። በ2010 መካሄድ የነበረበት ተራዘመ፤ በ2013 6ኛው አገር አቀፍ ምርጫ ሲካሄድም በካፋ ወረዳዎች ለቀበሌ ምክር ቤት የተመረጠ ሰው የለም። እንዲህ ሲሆን ምን ይፈጠራል? ትንሽ ቦታ ላይ ትንሽ ሽንፈት መሸነፍ የማይቻልበት አገር ይፈጠራል። አንድ ቀበሌ ውስጥ የመንገድ ወይም የውሃ ጉዳይ ያንገበገበው ሰው፣ ሐሳቡን ጎረቤቶቹ እንዲመዝኑለት የሚወስድበት ሣጥን ስለሌለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን በኮረጆ ፊት የሚያቀርበው ለፌዴራል ወይም ለክልል ምክር ቤት ሲወዳደር ነው። ከ100 ሺሕ ሕዝብ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመ ሰው ቢሸነፍ ምን ይገርማል? የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባል ያለው ሰፊ መድረክ ነው፤ ምርጫው በወቅቱ ቢካሄድ ኖሮ ዛሬ ለፓርላማ አራት ጊዜ የተሸነፈው ሰው ምናልባት በቀበሌው አንድ ጊዜ አሸንፎ፣ ሥራውም ታይቶ፣ ከዚያ በኋላ ሕዝቡ እንደሚገባው ይፈርድበት ነበር።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። ከሁሉ የሚከብደው የሕዝብ ፍርድ ነው። ድምፅ ማጣት ራሱ ፍርድ ነው፤ አልፈልግህም የተባለ ሰው ይህን አክብሮ ሊቀመጥ ይገባዋል የሚል። እውነት ነው፤ ግን የሕዝብ ፍርድ የአምስት ዓመት ፍርድ ነው። ሕገ መንግሥቱ የምክር ቤቱን ዘመን በአምስት ዓመት የወሰነው ፍርዱ እንደሚታደስ አስቦ ነው፤ ያሸነፈው ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሶ እንዲለምን ግድ ከሆነ የተሸነፈውስ ለምን ይከለከላል? በሌላ በኩል ደጋግመው የሚወዳደሩ ሰዎች የተቃውሞውን ድምፅ ይከፋፍላሉ፣ ለገዥው ፓርቲ ያመቻቻሉ የሚለው ክስ አለ። አብላጫ ድምፅ በሚገዛበት ሥርዓት ይህ በእርግጥ የሚደርስ ነገር ነው። ይሁንና በአገር አቀፍ ደረጃ ካየነው የምክር ቤቱ መቀመጫ በ2002ም በ2007ም በአንድ ወገን እጅ የገባው በግል ዕጩዎች ብዛት ነው የሚል ሰው አላጋጠመኝም፤ ቢያጋጥመኝም አላምነውም። ዕጩው ማድመቂያ ነው የሚለውን ጥርጣሬ በጅምላ ማስተባበል አይቻልም፤ እንዲህ ያለ ዕጩ ሊኖር ይችላል። መለየት የሚቻለው ግን ሰውየው በሦስት ምርጫ በየጣቢያው ስንት ድምፅ እንዳገኘ ሲታይ ነው። ለማድመቂያ ብቻ የሚመጣ ዕጩ ድምፁ አያድግም። ቁጥሩን ካልያዝን ሐሜቱን እንይዛለን።

ለምን ፓርቲ አይገባም የሚሉም አሉ። ቢገባ መልካም ነበር። ነገር ግን አገር አቀፍ ፓርቲዎች በካፋ ያላቸው ቅርንጫፍ በምርጫ ሰሞን የሚከፈትና ከምርጫው ማግስት የሚዘጋ ከሆነ፣ ፓርቲው ዕጩውን ሳይሆን ዕጩው ፓርቲውን ነው የሚሸከመው። ሽማግሌዎች የሚያምኑትን ሰው ይምረጡ፣ ይህ ሁሉ የአደባባይ ልመና ለባህላችን እንግዳ ነው ለሚለውም አንድ ነገር ማንሣት ይቻላል። የካፋ ንጉሥ ብቻውን አይፈርድም ነበር፤ ሚክሬቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ነበሩት፣ ያለ እነርሱ ምክር አገር አይመራም ነበር። ምክር ቤት ለካፋ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። ዛሬ የተለየው ወንበሩ ከሕዝብ የሚጠየቅ መሆኑ ነው፤ ከሕዝብ የሚጠየቅ ከሆነ ደግሞ የሚጠይቅ ሰው ሊኖር ግድ ነው።

ይህ ሁሉ ወግ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የሚጨበጥ ነገር ልጨምር። የተሸናፊ ዕጩ ጥቅም በአካባቢ ጉዳይ ላይ ይታያል። የካፋ ደን በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበው በ2002 ነው፤ የዱር ቡና የሚለቀምበት ደን ነው፤ የውሽውሽ የሻይ እርሻም እዚያው አቅራቢያ ነው። ደኑን ማን ይጠብቀው፣ ወደ ለቃሚው ገበሬ ኪስ ምን ይግባ፣ ለእርሻ የሚሰጠው መሬት እስከ የት ይድረስ የሚሉት ጥያቄዎች ለአሸናፊው ዕጩ አደገኛ ናቸው። አሸናፊ ለመሆን የሚጠብቅ ሰው የፓርቲውን መስመር ይጠብቃል። የሚያጣው የሌለው፣ እንደሚሸነፍ ግማሽ በግማሽ የሚያውቅ ዕጩ ግን በገበያ መካከል ቆሞ ያነሣቸዋል። ዘንድሮ ያነሣውን ሐሳብ በሚቀጥለው ምርጫ ገዥው ፓርቲ በራሱ ቃል ቢያቀርበው አይግረመን፤ ፋራዥ ላይ የሆነው ይህ ነው።

ስለዚህ የምለው ሦስት ነገር ነው፤ አንዱም ሕገ መንግሥት ማሻሻል አይጠይቅም። ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ የእያንዳንዱን ጣቢያ ውጤት ከነተሸናፊዎቹ ድምፅ፣ ከ1997 ጀምሮ ያለውን ሁሉ ጨምሮ፣ ማንም ሊያየው በሚችል መልኩ በአንድ ቦታ ያስቀምጥ። ሁለተኛው ፊርማ ነው። የግል ዕጩ ለመሆን በሺዎች የሚቆጠሩ የድጋፍ ፊርማዎች ማሰባሰብ ይጠየቃል፤ በ6ኛው ምርጫ ይህ ግዴታ በኮቪድ ምክንያት ተነሥቶ ነበር፣ ሰማይም አልወደቀም። ባለፈው ምርጫ በምርጫ ክልሉ ከተሰጠው ድምፅ ለምሳሌ አምስት በመቶ ያገኘ ዕጩ በሚቀጥለው ጊዜ ፊርማ እንዳይጠየቅ ቢደረግ፣ ለማላገጥ የሚወዳደረው ይቀራል፣ ድጋፍ ያለው ደግሞ ጉልበቱን ፊርማ ከመለቃቀም ይልቅ ወኪል በማሠልጠን ያውለዋል። ገደቡ አምስት ይሁን ሦስት በመቶ ለክርክር ክፍት ነው፤ አሥር ግን ይበዛል።

ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚቀድመው የወረዳና የቀበሌ ምርጫ ቀን መቁረጥ ነው። በጀቱ ከየት ይምጣ ይባላል፤ ለአገር አቀፍ ምርጫ የተገዛው ኮረጆና የሠለጠነው አስፈጻሚ ለዚህም ያገለግላል፤ ክልሉም አዲስ ነውና የራሱን ወረዳዎች ከማንም በላይ ሊቸኩልላቸው ይገባል። ያኔ ለፓርላማ ሦስቴ የተሸነፈው የጊምቦ ሰው በቀበሌው ተወዳድሮ፣ በጎረቤቶቹ ፊት ቆሞ፣ እዚያም ቢሸነፍ፣ «አሁንስ ይበቃሃል» የሚለው ጎረቤቱ በቂ ምክንያት ይኖረዋል። እስከዚያ ግን የለውም።